ጾመኛዋ ውሻዬ

ይህ የደረሰብኝ በንጉሡ ዘመን ነው፤ ስድሳዎቹ በገቡ ሰሞን፣ በሁዳዴ እኩሌታ ላይ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ። ልጆች ወልጄ ድሬያለሁ፣ ባሌን ቀብሬያለሁ፣ አገሬን ለቅቄ ከተማ ገብቻለሁ። ይህ የውሻ ነገር ግን ጾም በገባ ቁጥር እየተነሳ ያስቸግረኛል። ልጆቼ ሳወራላቸው ይስቃሉ። አልፈርድባቸውም፤ መጀመሪያው ያስቃል።

ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነበርኩ። ባሌ ቄስ ገብረ መድኅን በአገራችን በዋግ፣ ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ የገጠር ደብር ያገለግሉ ነበር። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች፣ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። እኔም የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከወንዶቹ ጋር አስቀምጠው ዳዊት እስክደግም አስተምረውኛል። በዚያ አገር፣ በዚያ ዘመን፣ ዳዊት የምትደግም ሴት ቀላል ሰው አልነበረችም። እኔም ቀላል አለመሆኔን አውቄ ሌላውም እንዲያውቅልኝ እፈልግ ነበር። ችግሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ሸጊት የምትባል ዳማ ውሻ ነበረችን። ጡት እንደጣለች ከፃግብጂ የመጣ ዘመዳችን በጋቢው ጠቅልሎ አመጣልንና አሳደግናት። ገብሱን ከዝንጀሮ፣ በጎቹን ከቀበሮ ትጠብቃለች። እንግዳ ሲመጣ ጮኻ ታስታውቃለች እንጂ አትናከስም። ሰው ሁሉ ይወዳት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት ወር፣ አንድ ዓርብ ቀን ነው። ጎረቤታችን እትየ ለምለም ከሐሙሱ ተዝካር የተረፈውን አጥንት ጠራርጋ ስትጥል አንዱን ለሸጊት ወረወረችላት። ሸጊት አሸተተችው፤ ፊቷን አዞረች፤ ሄዳ ከአጥሩ ጥላ ተጋደመች። እኔ ከሦስት ሴቶች ጋር ከምንጭ እየተመለስኩ ነበርና ሁላችንም አየን። «ዓርብ መሆኑን አውቃ ነው፤ የቄስ ቤት ውሻ አይደለች?» አልኩ። ለሳቅ ነበር ያልኩት።

ሴቶቹ ግን እንደ ሳቅ አልወሰዱትም። በሳምንቱ ገበያ ላይ ከገደሉ ማዶ የመጣች የማላውቃት ሴት ጠጋ ብላ፣ ያች የምትጾመው ውሻ የናንተ ናት አሉ፣ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይ፣ ቀልድ ነው ማለት እችል ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ አዎ፣ የኛ ናት አልኳት።

ከዚያ በኋላ ረቡዕና ዓርብ በመጣ ቁጥር ሸጊትን ለማየት በደጃችን የሚያልፉ ሰዎች ነበሩ። ሚስት ባሏን፣ እናት ልጇን «ውሻ እንኳ ትጾማለች» እያለች ትገሥጽ ጀመር። ባሌ ይህን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም። ውዳሴ ከንቱ ነው፣ ይቅርብሽ አሉኝ። እኔም የተወደሰችው ውሻዋ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም ብዬ ተከራከርኳቸው። ባሌ ክርክር አይወዱም፤ መቋሚያቸውን አንስተው ወጡ።

እውነቱን ፊት ለፊት የነገረችኝ እትየ ለምለም ብቻ ናት። ፍየል አርቢ ባልቴት ናት፤ አማርኛዋ ከአገሩ ቋንቋ ከኽምጣኛ ጋር የተደባለቀ፣ ለማንም የማታጎበድድ። «ውሻ አይጾምም፣ ልጄ። ሌላ ቦታ ጠግባ ነው» አለችኝ። ቀንታ ነው አልኩ።

እስከ ሁዳዴ ድረስ ሸጊት አልተጎዳችም። ረቡዕና ዓርብ ከጾም እንጀራ በቀር ባልሰጣትም፣ በሌላው ቀን አጓት ትጠጣለች፣ አጥንት ትቆረጥማለች፤ የጎደላትን ደግሞ ሸለቆ ወርዳ ትፈልጋለች። ውሻ ሰው ካልከለከለው የሚበጀውን ያውቃል። እኔ ግን ሁዳዴ ሲገባ ከለከልኳት። ጾመኛ የተባለች ውሻ ሰው ፊት ጥንብ ስትጎትት ብትታይ የማን ስም ነው የሚጠፋው? ስለዚህ በቆዳ ጠፍር ከደጃችን ምሰሶ አሰርኳት።

ቀለቧ የእኛው ቀለብ ሆነ። የእንጀራ ጠርዝ፣ የሽሮ ጥራጊ፣ ከተልባ የተረፈ ካለ ከላዩ። እሱንም የማቀርብላት እኛ በምንበላበት ሰዓት፣ ቅዳሴ ሲወጣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ዓይን ዓይኔን ስታየኝ «ትንሽ ታገሺ፣ ደወል አልተደወለም» እላት ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ ግን የጽድቅ ሥራ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የዳሌዋ አጥንት ወጣ። ጠጉሯ ስትታሽ በእጅ ይቀራል። የግድግዳውን ጭቃ ትልሳለች፣ አመድ ትበላለች፣ እንግዳ ሲመጣ አትጮኽም። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ አላየሁም አልልም። ጾሙ ነው ያከሳት፣ እኛስ ከስተን የለም ወይ አልኩ። ሆዷ ብቻ እየወረደ ሲመጣ ሽሮው ነፍቷት ነው ብዬ ነበር። ኋላ ጡቶቿን አየሁና ማርገዟ ገባኝ።

ማርገዟ ከመታወቁ እትየ ለምለም በቅል የፍየል ወተት ይዛ መጣች። ለእርጉዟ ነው አለችኝ። ሁለት ሴቶች ደጃፌ ላይ ቆመው ነበርና እነሱ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በሁዳዴ ወተት ደጄን አያልፍም አልኳት። እትየ ለምለም ሸጊትን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናግራ ቅሏን ይዛ ተመለሰች። ትርጉሙን አልጠየቅኋትም፤ ከፊቷ ገብቶኛል።

ኩራት እራት አይሆንም ይባላል። በእኔ ኩራት እራቷን ያጣችው ሸጊት ናት።

በዚያው ሳምንት ባሌ ሰሞነኛ ነበሩ፤ የሳምንቱ ቅዳሴ በእሳቸው ተራ ነው ማለት ነው። ረቡዕ ዕለት ከቀትር በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጩኸት ሰማሁ። ወጥቼ ምሰሶውን ሳይ ሸጊት የለችም። ጠፍሩ አልተበጠሰም። በልታዋለች። ከምሰሶው ላይ የቀረው ቋጠሮው ብቻ ነበር።

ሽቅብ ሮጥኩ። የሆነውን የነገሩኝ መንገድ ላይ ነው። ዲያቆኑ ቤተ ልሔም ውስጥ የመሥዋዕቱን ሊጥ አዘጋጅቶ፣ ውሃ ቢያንሰው ወደ ምንጭ ወርዷል። በሩን ገርበብ እንጂ አልዘጋውም። ሲመለስ ሸጊት ሊጡን ጨርሳ ዕቃውን ልሳ እዚያው ተኝታለች። ጮኸባት፤ አልተነሳችም። መሸሽ አቅቷት ነው።

መቅደስ የገባች ውሻ እየተባለ ሰው በተረት ሲሰደብ ስሰማ ነው ያደግኩት። ተረቱ ዞሮ ዞሮ የእኔን ቤት አገኘው። ቅዳሴ ለማስቀደስ የመጣው ሰው ሁሉ ከግቢው ወጥቶ በሩ ላይ ተሰብስቧል። ሸጊትን በገመድ ጎትተው አውጥተው ከቅጥሩ ሥር ጥለዋታል። ሽማግሌዎቹ ዱላ ይዘዋል። ክፉ ምልክት ነው፣ ውሻዋ ከገደሉ ሥር ተወስዳ ትገደል የሚለው ነገር ተቆርጧል። ባሌ ነጭ ጥምጣማቸውን እንደጠመጠሙ መሬት መሬት እያዩ ቆመዋል። ሰው ፊት እንዲያ ተሰብረው አይቻቸው አላውቅም።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ያች ባሏን በሸጊት ስትገሥጽ የነበረችው፣ ጾመኛ ናት ያላችኋት ይህች ናት ወይ አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አሁን የምጽፈውን ለልጆቼ ዘልዬው ነበር የማወራው። ሸጊት እኔን ስታይ ጅራቷን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መታች። መነሳት አልቻለችም እንጂ ደስ ብሏታል። እኔም በሰው ሁሉ ፊት «ግደሏት» አልኩ። ተናድጄ አይደለም። ከእንግዲህ የእኔ እንዳልሆነች ሰው እንዲያውቅልኝ ነው።

ሁለት ሰዎች ገመዱን ያዙ። በዚህ ጊዜ ከወይራው ሥር ተቀምጦ የነበረ አንድ ወጣት ሰው ተነሥቶ «እስቲ አንድ ጊዜ ልያት» አለ።

ይህ ሰው የከብት ሐኪም ነው። ደስታ ለሚባለው ከብት ፈጂ በሽታ ሊከትብ ከመንግሥት ተልኮ በየአጥቢያው ይዞር ነበር። ሰው ቅዳሴ ሲወጣ በማግሥቱ ከብቱን ወደ ሜዳ እንዲያወጣ ሊያስነግር መጥቶ ነው እዚያ የተቀመጠው። ካኪ ኮት ለብሷል፣ አጠገቡ የእንጨት ሣጥን አለ፤ አነጋገሩ የአገራችን አይደለም። አስጥሎ ሊያስመልጣት መስሏቸው ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። እሱ ግን ቁጢጥ ብሎ ከንፈሯን ገለጥ አደረገና ድዷን በአውራ ጣቱ ጫን አላት። ዓይኗን አየ። ሆዷን በሁለት እጁ ዳሰሰ፤ እንደ ሴት አዋላጅ ቀስ ብሎ ነው የዳሰሳት።

«የማን ናት?» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«የእኔ ናት» አልኩ።

«ምን ትበላለች?»

«እኛ የምንበላውን። ጾመኛ ናት።» ምን ነክቶኝ በዚያ ሰዓት ይህን ቃል እንዳወጣሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልማድ ሆኖብኝ ነው መሰለኝ።

ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ቀና ብሎ አየኝና ዝግ ባለ ድምፅ እንዲህ አለኝ። «እመቤቴ፣ ይህች ውሻ አልጾመችም። ተርባለች። ድዷን ይመልከቱት፤ ቀይ መሆን ሲገባው እንደ ወረቀት ነጭ ሆኗል። በሆዷ ውስጥ ቡችሎች አሉ፤ የሚበላ ሲያጡ የእሷን ሥጋ ነው የሚበሉት።»

ተደፍቼ አየሁ። እውነትም ነጭ ነው። ያን ሁሉ ሳምንት ደጄ ላይ አስሬ ሳያት ከንፈሯን ገልጬ አይቼ አላውቅም። እዚያው አንጀቴን በላችው። ማልቀስ ጀመርኩ፤ ያን ጊዜ ግን ስለ ስሜ አልነበረም።

የደብሩ አለቃ ነገሩን ቆመው ያዳምጡ ነበር። ዓይናቸው የደከመ፣ በሰው ክንድ የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው፤ የእኔም የነፍስ አባት ናቸው። መጀመሪያ ዲያቆኑን ጠሩና ሊጡ ገና ያልተባረከ መሆኑን ጠየቁት። አልተባረከም አላቸው። እንግዲያው ዱቄት ነው፣ ዕቃው ይታጠብ፣ ቤቱ ጠበል ይረጭ፣ ሌላ ይቦካ፣ ቅዳሴው ይዘገያል እንጂ አይቀርም አሉ። ቀጥለው በሩን ክፍት ትቶ በመሄዱ ገሠጹት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጾም የታዘዘው ለአዳም ልጅ ነው። ለውሻ ማን አዘዛት?»

ነጠላዬን በፊቴ ላይ ሳብኩ።

«ለሕፃን፣ ለእርጉዝ፣ ለሕመምተኛ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች። አንቺ ከቤተ ክርስቲያን በልጠሽ ነው?»

«በድያለሁ፣ አባ» አልኩ።

አለቃ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቅጣቴን ተናገሩ። ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ነበር፤ ስግደት አልነበረም። «ግደሏት ያልሽ አንቺ ነሽ፤ እንግዲህ አድኛት። የሚያስፈልጋትን ይህ ሰው ይንገርሽ። እስከ ትንሣኤ በገዛ እጅሽ ታበያታለሽ። ተደብቀሽ አይደለም፤ ደጅሽ ላይ፣ ሰው እያየሽ።» ገመዱን የያዙት ሰዎች ለቀቁት።

ሐኪሙ ራሱ ሸጊትን ታቅፎ እስከ ቤታችን አወረዳት። አዲሱ ሊጥ እስኪቦካ ባሌና ዲያቆኑም ተከትለውን ወረዱ። ከሣጥኑ ለራሱ ስንቅ የያዘውን የዓሣ ቆርቆሮ አውጥቶ በቢላ ከፈተው። ዘይቱን አንጠፍጥፎ፣ ዓሣውን በውሃ አለቅልቆ፣ ጥፍር የምታህለውን እየቆረሰ ከመዳፉ አጎረሳት። ግማሹን ከበላች በኋላ አቆመ። እሷ መዳፉን ትልሳለች። ጨምርላት እንጂ ብለው ባሌ ለመኑት። የተራበ ሆድ በአንድ ጊዜ ሲሞላ ይገድላል፣ ትንሽ በትንሹ፣ በቀን አራት ጊዜ ትብላ አለ። በዚህ መሃል ዲያቆኑ ዓሣ በሁዳዴ ይበላል አይበላም የሚል ጥያቄ አነሣ፤ ባሌ በቁጣ አዩት።

ከዚያ ሐኪሙ መደባችን ላይ ተቀምጦ አስተማረን። እንጀራውና ገብሱ ጥፋት የለባቸውም፤ ጉልበት ይሰጧታል፤ ብቻቸውን ግን ሥጋና ደም አይሆኑላትም አለ። ውሻ ከሰው ጋር ብትኖርም ጥርሷ የሥጋ ጥርስ ነው። ሥጋ ከሌለ እንቁላል ተቀቅሎ፣ ወተት በውሃ ቀጠን ተደርጎ፣ አጓት፣ የገብስ ገንፎ ጨው ሳይበዛበት። የሽሮ ጥራጊ እንዳትሰጧት፣ ሽንኩርት የውሻን ደም ያጠፋል አለን። ይሄኔ ባሌ እኔን አዩኝ፤ እኔ ደግሞ መሬት አየሁ። የዶሮ አጥንት ተቀቅሎ ከሆነ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ውሃ ከፊቷ አይጥፋ። እርጉዝ ስትሆን ከወትሮው ይበዛላት፤ ስታጠባ ደግሞ ከዚያም ይበዛላት፤ ወተቱ ከየት ይመጣል ብላችሁ ነው አለን። ይህን ሁሉ ሲናገር አንድም ጊዜ እንደ መሃይም አላየኝም። ለሚያውቅ ሰው እንደሚያስታውስ አድርጎ ነው የነገረኝ።

ምሳውን በልታበታለችና ባሌ የጾም እንጀራ በተልባ አቀረቡለት። በልቶ አመስግኖ ወጣ። በማግሥቱ ከብቱን ከትቦ ወደ ደሃና ወጣ አሉ። ስሙን አልጠየቅነውም። የአገሩ ሰው «መርፌው» ይለው ነበርና እኔም በዚያው ስም ነው እስከ ዛሬ በጸሎቴ የማነሳው።

ያን ዕለት ሳይመሽ ወደ እትየ ለምለም ሄድኩ። የመለስኩትን ወተት ልለምን ነው የሄድኩት። ከበሩ ቆምኩ። እሷ ምንም ሳትጠይቀኝ ቅሉን ሞልታ ሰጠችኝ። ለፋሲካ ያስቀመጠችውን ስድስት እንቁላልም ጨመረችልኝ። ወጥቼ ስሄድ ከኋላዬ ጠራችኝ።

«ያን ዓርብ ሸጊት አጥንት አልበላም ያለችው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ሐሙስ ዕለት የአንድ ጨው ነጋዴ በቅሎ ገደል ገብቶ ነበር። ሸጊት ቀኑን ሙሉ እሱን ስትበላ ነው የዋለችው። እኔ ከላይ ሆኜ ሳያት ነበር።»

ምነው ያን ጊዜ ብትነግሪኝ አልኳት። ነግሬሽ ነበር አለች። እውነቷን ነው፤ ነግራኛለች። መንገድ ላይ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። የዋግን ሴቶች ሁሉ ያስደነቀው ጾም የበቅሎ ጥጋብ ኖሯል።

የሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። የጾም ዕቃዬ እንዳይነካ በገል ነበር ወተቱን የማቀርብላት። በየቀኑ አራት ጊዜ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ እንቁላል እልጣለሁ፣ በጣቴ አፍርሼ አጎርሳታለሁ። መንገደኛ ሲያልፍ አፍንጫውን በነጠላው ይይዛል። የቄስ ሚስት በሁዳዴ እንቁላል ትቀቅላለች የሚል ወሬ ከገበያ ዞሮ መጣ። አንዷ ሴትዮ ልትጠይቀኝ መስላ ገብታ ድስቴን ከፍታ አይታለች። ባሌ ግን አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እያየ፣ ጥምጣማቸውን እንኳ ሳይፈቱ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው የሸጊትን ራስ ያዙልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ወሬው ቀነሰ።

አንድ ነገር ግን ልናገር። ከሰባት ዓመቴ ጀምሬ ጾሜያለሁ። ጾም ምን እንደሆነ ግን ያወቅኩት ያን ዓመት ነው። ወተቱ እጄ ላይ ይሸታል፤ እኔ ግን ለሌላ ነፍስ ነው የያዝኩት። ከዚያ በፊት ስጾም ሰው ሁሉ እያየኝ ይመስለኝ ነበር። ያን ዓመት ሰው ሁሉ በላች እያለ ሲያማኝ እኔ ጾሜ ነበር። ይህ ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴን ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም።

ሸጊት በሕማማት ማክሰኞ ወለደች። አምስት ቡችሎች ነበሩ። ሦስቱ ሞተው ነው የተወለዱት፤ እንደ አይጥ ትናንሽ ናቸው፣ ጠጉር እንኳ በወጉ አላበቀሉም። ሁለቱ ኖሩ። የሞቱትን ከአጥሩ ውጭ በገዛ እጄ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። ሸጊት እየተነሣች ቦታውን ታሸታለች፣ ተመልሳ የቀሩትን ታጠባለች። አለቃ ሲጠይቁኝ ሁለቱ ድነዋል አልኳቸው። እሳቸውም «ሦስቱስ?» አሉኝ። ለሦስቱ መቶ መቶ ስግደት ሰጡኝ። ስግደቱ ቀለለኝ።

ሸጊት ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረች። አንድም ቀን አላሰርኳትም። ዓርብ ቀን ከሸለቆው አፏ ቀልቶ ስትመጣ ሰው ይስቅብኛል፤ እኔም እስቃለሁ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ልጆቼም የሚያውቁት እስከዚህ ድረስ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአገራችን ዝናብ ቀረ። ያ ዘመን ምን እንደነበረ የዋግ ሰው ያውቀዋል፤ እዚህ አልዘረዝረውም። በዚያው ዓመት በሁዳዴ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ትልቅ ሰው በቅሎውን ሊያሳርፍ ቤታችን ጎራ አለ። በደጃችን ሥር ወደ ሰቆጣ የሚያልፈውን ሰው ቆሞ ተመለከተ። እናት ከነልጆቿ፣ ሽማግሌ በበትሩ፣ ሁሉም ቀስ ብሎ፣ ሳይነጋገር ይሄዳል። ማንም አይለምን፣ ማንም አይጮኽ። እንግዳው ራሱን ነቀነቀና «የዚህ አገር ሰው በጾም ብርቱ ነው፤ እግዚአብሔር ይቀበልለት» አለ። ከልቡ ነው ያደነቀው፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

እኔ እጁን ላስታጥበው ውሃ ይዤ ቆሜ ነበር። የምለውን አውቀዋለሁ፤ ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል። ነገር ግን እንግዳ ነው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ወንዶች በተቀመጡበት ሴት አትናገርም ብዬ ዋጥኩት። ውሃውን አፈሰስኩለት። እሱም ታጥቦ፣ በልቶ፣ በቅሎው ላይ ወጥቶ ሄደ።

ለሸጊት ንስሐ ገብቻለሁ፤ ተፈትቼበታለሁ። ያ ዝምታዬ ግን እስከ ዛሬ አልተፈታልኝም። ያ ሰው ብነግረው ምን ያደርግ እንደነበር አላውቅም፤ ምናልባትም ምንም አያደርግም ነበር። ቢሆንም ተርበው ነው፣ ጌታዬ፣ ማለት ነበረብኝ።